ትንንሽ ጥንዶች ከመጀመሪያዎቹ ወንበሮች፦ በስንት ብላይንድ ይከፈታሉ?

ቺፕ_ቆጣሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ውድድር ፖከር ነው። ጠረጴዛው 9 ሰው የተቀመጠበት ነው፣ 1 ብላይንድ (ካርድ ሳይታይ በግዴታ የሚገባው ትልቁ ውርርድ፣ መለኪያችንም እሱ ነው) የሚያህለውን አንቲ (ለእያንዳንዱ እጅ የሚከፈል መዋጮ) ደግሞ ቢግ ብላይንዱ፣ ማለትም ያን ውርርድ የሚያስገባው ሰው፣ ለሁሉም ይከፍላል። ከ2-2 እስከ 6-6 ያሉት ጥንዶች ከቢግ ብላይንድ ቀጥሎ ባሉት ሁለት ወንበሮች ላይ ሲመጡ፣ ስታኩ (በእጅ ያለው ቺፕ) ስንት ብላይንድ ሲሆን ነው የሚከፈቱት (መጀመሪያ ውርርድ ከፍ የሚደረግባቸው)? ከኋላ ያለ ሰው ሪሬይዝ ካደረገስ (ውርርዱን እንደገና ከፍ ካደረገስ) ኮል ብሎ (ልዩነቱን ከፍሎ) ከጥንዱ ጋር እኩል የሆነች ሦስተኛ ካርድ መጠበቅ ያዋጣል? ለምሳሌ 30 ብላይንድ ይዤ 4-4ን በ2.2 ከፈትኩ እንበል፤ አንዱ 7 አደረገው፣ ሌላው ሁሉ ጣለና ተራው ወደ እኔ ተመለሰ። ስታኩ ከእኔ ይበልጣል።

ፍሎፕ_አንባቢ፦
ከምሳሌህ ልጀምር፤ ፎልድ (መጣል) ነው፣ ያውም ሳይታሰብበት። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ኮል ለማለት 4.8 መጨመር አለብህ። ፍሎፑ (ጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ የሚገለጡት ሦስት ካርዶች) ላይ ሌላ 4 የምታገኘው 11.8 በመቶ ያህል ነው። ይህም ማለት አንዴ ስትመታ 7 ጊዜ ተኩል ያህል ትስታለህ። 7.5 በ4.8 ሲባዛ 36 ብላይንድ ይሆናል፤ አንዷ ምት ይህን ሁሉ መመለስ አለባት። ታዲያ ምን ያህል ልትመልስ ትችላለች? ፖቱ (መሃል የተሰበሰበው ቺፕ) ውስጥ ያለው የእሱ 7፣ የአንተ 2.2፣ ብላይንዶቹና አንቲው ተደምረው 2.5፣ በጠቅላላ 11.7 ነው። አንተ ጋ የሚቀረው ደግሞ 23 ነው። ሰውዬው በመታህ ቁጥር ሙሉ ስታክህን ቢከፍልህ እንኳ የምታገኘው 34.7 ነው። ከ36 አይደርስም! በዚያ ላይ ኤስ-ኪንግ ይዞ ፍሎፑ ካልነካለት ብዙ ጊዜ አንዴ ተወራርዶ ይቆማል። አንዳንዴ ደግሞ መትተህም ትሸነፋለህ። ሳትመታ የምታሸንፍበት ጊዜ እንዳለ አልክድም፤ ግን ቀድሞ የሚናገረው አንተ ስለሆንክ ያንን ማግኘት ከባድ ነው።

ያው እጅ በ100 ብላይንድ ሌላ ነገር ነው። 4.8 ከስታክህ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሚሆንና ከኋላ 93 ስለሚቀር፣ ኮል ማለት ትችላለህ። እኔ የምይዘው ልክ ይኸው ነው፦ ሦስት እኩል ፍለጋ የምጨምረው ከሁለታችን ስታክ ካነሰው 5 በመቶ ካለፈ እጠራጠራለሁ፣ 10 በመቶ ከደረሰ እጥላለሁ። ብዙዎች የራሳቸውን ስታክ አይተው የሰውዬውን ይረሱታል። አንተ 90 ይዘህ እሱ 22 ከሆነ ማግኘት የምትችለው 22 ነው።

ሪቨር_ጠባቂ፦
ሪሬይዙ ላይ ተስማምቻለሁ። እኔ ስለ መክፈቱ ልጨምር። ከዚያ ወንበር ገና 8 ሰው ከኋላህ አለ። 5-5 ስትይዝ ከሱ በላይ 9 ዓይነት ጥንድ አለ፤ አንድ ሰው ከነዚህ አንዱን የሚይዝበት መንገድ ከ1225 ውስጥ 54 ነው፣ ማለትም 4.4 በመቶ። ለ8 ሰው ሲታሰብ ወደ 30 በመቶ ይጠጋል። 2-2 ከሆነ 38 በመቶ ገደማ ነው። የመጨረሻው ወንበር ላይ ሆነህ ከኋላህ ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር ግን ያው 2-2 ጥሩ እጅ ነው።

ስለዚህ ከ40 ብላይንድ በላይ 5-5 እና 6-6ን በ2 ወይም በ2.2 እከፍታለሁ። 4-4ንና ከዚያ በታች ያሉትን የምከፍተው ጠረጴዛው ኮል የሚያበዛና ሪሬይዝ የማያበዛ ሲሆን ነው። ከ20 እስከ 40 ባለው 6-6 ይቀራል፣ 5-5 ድንበር ላይ ነው፣ የቀሩት ይጣላሉ። ሰው በጣም የሚሳሳተው ከ12 እስከ 20 ባለው ላይ ነው፤ ከፍቶ ኦል ኢን (ሙሉ ስታክ የማስገባት ውርርድ) ሲመጣበት "ጥንድ እኮ ነው" ብሎ ይከፍላል። ያን ለመጣል ዝግጁ ካልሆንክ አትክፈት። ወደ 10 ሲወርድ 6-6 በቀጥታ ኦል ኢን ይገባል፣ 5-5ም ሊገባ ይችላል። 2-2 እና 3-3 የሚገቡት ወደ 5 ሲጠጋ ነው።

2-2ን ከ6-6 ጋር አንድ አድርጎ ማየት ትልቅ ስህተት ነው። 2-2 ከኤስ-ኪንግ የተለያየ ቀለም ጋር 52 በመቶ ገደማ ይዞ ሲቀድም፣ አንድ ቀለም ከሆኑ ጃክ-10 ጋር ግን ከ50 በታች ነው። አንዱ ምክንያት ይኸውልህ፦ ጠረጴዛው ላይ 9-9-6-6 ከወጣ ያንተ 2-2 ከነጭራሹ አይቆጠርም። ሁለቱ ጥንዶች የሁላችሁም ስለሆኑ የሚወስነው አምስተኛው ካርድ ነው፣ ተጋጣሚህ ደግሞ ጃክ አለው። ከበላዩ ካለ ጥንድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ 18 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚያሸንፈው።

ቺፕ_ቆጣሪ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ የ36ቱ ሂሳብ ገባኝ። በ40 ብላይንድ 5-5 ከፍቼ ቢግ ብላይንዱ ብቻ ኮል ሲለኝስ? ስመታ ቼክ ብዬ (ሳልወራረድ አልፌ) ልደብቀው?

ፍሎፕ_አንባቢ፦
አትደብቀው። ፖቱ 5.9 ነው፣ አንተ ጋ 37.8 ቀርቷል። ፍሎፑ፣ ተርኑ (አራተኛው ካርድ) እና ሪቨሩ (አምስተኛው ካርድ) ላይ የፖቱን 70 በመቶ ብታስገባ 4.1፣ 9.9፣ 23.8 እያለ ሪቨር ላይ ስታክህ በሙሉ ይገባል። ፍሎፑን ቼክ ካልክ ግን ተርንና ሪቨር ላይ እያንዳንዱን ጊዜ ከፖቱ 1.36 እጥፍ ማስገባት ይኖርብሃል፤ ይህን የሚከፍልህ ሰው ጥቂት ነው።

ሳትመታ ስትቀር ደግሞ ሰሌዳውን እይ። ኤስ-7-2 ወይም ኪንግ-8-3፣ ቀለሙም የተለያየ ከሆነ፣ የፖቱን ሲሶ አንዴ አስገባ። ኮል ካለህ አቁም፤ ተርን ላይ የሚያድኑህ ከ47 ካርድ 2 ብቻ ናቸው። ሰሌዳው 9-8-7 ከሆነ አትንካው፣ ያ የቢግ ብላይንዱ ሰሌዳ ነው።

ሪቨር_ጠባቂ፦
አንድ ነገር ቀርቷል። ከላይ ያልኩት ሁሉ ክፍያው ገና ሩቅ ሲሆን ነው። ሽልማት ለመግባት ጥቂት ሰው ሲቀርና ካንተ ያነሰ ስታክ ያላቸው ሲኖሩ፣ 5-5ን በ12 ብላይንድ ኦል ኢን መግባት ይቅር፤ የምታጣው ቺፕ ከምታገኘው የበለጠ ዋጋ አለው። ለሁሉም አሸናፊ እኩል ትኬት በሚሰጥ ማጣሪያ ላይ ደግሞ ከዚህም የበለጡ ጥንዶች ይጣላሉ። ሰው ባስወጣህ ቁጥር በሚከፈልበት ውድድር ግን ኮል የሚልህ ስለሚበዛ የሚጥልልህ ሰው ያንሳል። በ2-2 የሚገኘው ትርፍ በአብዛኛው ሰው ሲጥልልህ ነው፤ ስለዚህ እዚያ በ5 ብላይንድም ቢሆን አስብበት።