«ኢማሪ» ማለት ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም የቋንቋ ወዳጆች። ስለ ጥንታዊ የጃፓን ሳህኖች የሚያወራ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። «ኢማሪ» የሚል ቃል ይደጋገማል። የሠሪው ስም ነው ወይስ የቀለሙ? «የኢማሪ ሸክላ» ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦
የወደብ ስም ነው፣ እህቴ። ኪዩሹ ደሴት ላይ ይገኛል። ሳህኖቹ ግን የተሠሩት እዚያ ሳይሆን አሪታ በምትባለው ጎረቤት ከተማ ነው። ከአሪታ ወደ ኢማሪ ወርደው መርከብ ላይ ይጫናሉ። ናጋሳኪ ላይ የሆላንድ ነጋዴዎች ይረከቧቸዋል። ገዢው የሰማው የወደቡን ስም ነበርና በዚያው ጸና። የአሪታ ባለሙያዎች ስም ሳይነሳ መቅረቱ በጣም ያሳዝነኛል።

ሆላንዶች ቀድሞ የሚገዙት ከቻይና ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሚንግ ሥርወ መንግሥት ወድቆ አገሩ በጦርነት ሲታመስ ዕቃው ጠፋ። ስለዚህ ፊታቸውን ወደ ጃፓን አዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1659 ለአሪታ ትልቅ ትእዛዝ ሰጡ።

ቀለሙንም ስለጠየቅሽ፦ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቀይና ወርቃማ ነው። ሰማያዊው ከሚያብረቀርቀው ሽፋን ሥር ተቀብቶ እቶን ይገባል። ቀዩና ወርቃማው በኋላ ከላይ ተጨምረው በአነስተኛ ሙቀት እንደገና ይተኮሳሉ። ይህ ስልት በአውሮፓ በጣም ተወደደ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቻይናዎች ራሳቸው ለውጭ ገበያ ይቀዱት ጀመር። የእነሱም ሥራ «የቻይና ኢማሪ» ተባለ። እንግዲህ የቦታ ስም የነበረው የስልት ስም ሆነ ማለት ነው።

«ሸክላ»ን ግን ብትተዪው ይሻላል። አንባቢ ጀበናና ምጣድ ይመጣበታል። ይህ ከነጭ አፈር ተሠርቶ በ1,300 ዲግሪ ገደማ የሚተኮስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ዕቃ ነው። «የኢማሪ ፖርሴሊን» በዪው። አሪታንም አብረሽ አንሺያት፣ ይገባታል።

ሌላ አባል፦
«ኮሮማንደል»ም እንዲሁ ነው። ቻይና ውስጥ ተሠርቶ በላኬር (ከዛፍ ፈሳሽ በሚሠራ የሚያብረቀርቅ ቅብ) የተለበጠ፣ የሚታጠፍ የእንጨት መከለያ ነው። ስሙን ያገኘው ግን መርከቦች ከሚያልፉበት የሕንድ ዳርቻ ነው። «ክራክ» የሚባለው ሰማያዊና ነጭ የቻይና ፖርሴሊን ደግሞ ከፖርቱጋሎች የመርከብ ዓይነት ስም እንደመጣ ይታመናል። ሆላንዶች እ.ኤ.አ. በ1603 «ሳንታ ካታሪና» የተባለችውን የፖርቱጋል መርከብ ማርከው ጭነቷን አምስተርዳም ላይ በጨረታ ሸጡት። ያኔ ነው አውሮፓ ለዚህ ዕቃ ያበደው።

ሌላ አባል፦
የእኛው «ሲኒ»ስ? ከዐረብኛ ነው የመጣው፤ «የቻይና» ማለት ነው። እዚህ ስሙን ያገኘው የተሠራበት አገር ነው፤ ይህ ደስ ይላል። ግን በአማርኛ ጠብቦ የቡና መጠጫዋ ብቻ ሆኗልና ለሳህኖቹ እንዳትጠቀሚበት።