ዊልሰን ተገኘብኝ፤ አገር ቤት ያሉ ወንድምና እህቴን እንዴት ላስመርምር?

ሄለን፦ ሰላም ለሁላችሁ። እጄ ሲንቀጠቀጥና ንግግሬ ሲጎተት ከርሞ አሁን ዊልሰን የሚባል በሽታ ነው ተባልኩ። ጉበቴ መዳብን ማስወገድ ስላቃተው ጉበትና አንጎል ውስጥ ይጠራቀማል አሉ። ፔኒሲላሚን የሚባል መዳብን ከሰውነት የሚያስወጣ መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ሐኪሜ ግን «እህትና ወንድም ካለሽ ምልክት ባይኖራቸውም ይመርመሩ» አለችኝ። ሁለቱም አገር ቤት ናቸው። እናቴ ደግሞ እህቴ ልታገባ ስለሆነ «በዘር አለባቸው እንዳይባል ዝም በይ» ትላለች። ምን ዓይነት ምርመራ ይጠይቁ? ከዚህስ ምን ልላክ?

ዳዊት፦ እግዜር ይማርሽ። ላብራቶሪ ስለምሠራ ዘርዘር ላድርገው። ችግሩ ኤቲፒ7ቢ የሚባለው ጂን ላይ ነው። የሚያሳምመው ከአባትም ከእናትም ሲወረስ ነው፤ ወላጆች ጤነኛ ሆነው እያንዳንዱ ልጅ የመያዝ ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ያንቺን የጂን ውጤት ወረቀት ከክሊኒኩ ጠይቀሽ ላኪላቸው። ከአባትና ከእናት የወረስሻቸው ሁለቱም የጂን ለውጦች ከታወቁ ላብራቶሪው እነሱን ብቻ ይፈልጋል፣ ሥራው በጣም ይቀላል። የጂን ምርመራ ካልተገኘ ሴሩሎፕላዝሚን (መዳብ የሚሸከም ፕሮቲን) በደም፣ መዳብ በ24 ሰዓት ሽንት፣ የጉበት ምርመራ፣ የዐይን ምርመራም በስሊት ላምፕ (የዐይን ሐኪም በብርሃን አጉልቶ የሚያይበት መሣሪያ) ይሠሩ። አንዱ ብቻውን ደህና መጣ ተብሎ ፋይሉ አይዘጋም።

ጋሽ ካሳ፦ ልጄ፣ መድኃኒት ማብዛት ራሱ ጉበት ይጎዳል። መዳብ ያለበትን ምግብ ብትተዪ አይበቃም?

ዳዊት፦ ጋሽ ካሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ምክር ይጎዳታል። የከብት ጉበት፣ ቸኮሌት፣ ለውዝና እንጉዳይ መቀነሱ ይረዳል እንጂ ብቻውን አያድንም። መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ነው፤ ደህና ነኝ ብለው አቋርጠው ጉበታቸው በወራት ውስጥ የወደቀ ሰዎች አሉ።

ሄለን፦ እኔ ግን ከጀመርኩ ወዲህ መንቀጥቀጡ ብሶብኛል።

ዳዊት፦ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ማድረጉ የታወቀ ነው። ሳትውዪ ሳታድሪ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ መጠኑን ትቀንስ ወይም ትቀይር ይሆናል። በራስሽ ግን አታቁሚ። የምትወስጂው ባዶ ሆድ ነው አይደል? ቫይታሚን ቢ6ም አብሮ መታዘዝ አለበት።

ትዕግሥት፦ ሄሉዬ አይዞሽ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ በስልክ ሁሌ «ደህና ነን» ነው የሚሉን፣ ታመው እንኳ አይነግሩንም። ስትልኪ ደግሞ የምርመራውን ገንዘብ ለብቻው ለወንድምሽ ላኪ። ለቤት ከላክሽው ለሠርጉ ይሄዳል፤ እኔ ላይ ደርሷል።

ብሩክ፦ ሠርግ ካልን፣ እጮኛው ማወቅ የለበትም እንዴ? ደብቆ መዳር ነውር ነው።

ትዕግሥት፦ ሳትመረመር ምኑን ነው የምትነግረው? ደግሞ ተሸካሚ ብቻ ብትሆን፣ ማለት ለውጡን ከአንድ ወላጅ ብቻ ብትወርስ፣ እሷ አትታመምም። ልጆቿ የሚያሰጋቸው እሱም ተሸካሚ ከሆነ ነው።

ብሩክ፦ እንግዲያው እሱም ይመርመራ! ሳይነገረው እንዴት ይመረመራል?

ሄለን፦ ወንድሜ እሺ ብሏል። እህቴ ግን «ዐይኔን አሳይቻለሁ፣ ቀለበት የሚባለው የለብኝም፣ ሌላው ከሠርጉ በኋላ ይደርሳል» ትላለች። ይበቃል?

ዳዊት፦ አይበቃም። ጥቁሩን የዐይን ክፍል የሚዞረው ቡናማ ቀለበት ምልክት ያልጀመራቸው ብዙዎች ላይ አይታይም። የደሙንና የሽንቱን አሁኑኑ ታሠራ።

ጋሽ ካሳ፦ እናትየው ዝም በይ ካለች ዝም ነው። የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም።

ብሩክ፦ ጋሽ ካሳ፣ ጉበት ገመና የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ትዕግሥት፦ ብሩክ፣ ለትልቅ ሰው እንዲህ አይመለስም።