የቬትናሙ ካን ቶ ድልድይ ሲሰራ የወደቀው ገመዱ ተበጥሶ ነው እንዴ?

የቦርከና ማዶ
ሰላም ለሁላችሁም ወሎዬዎች። ባለፈው ለሰርግ ባህርዳር ሄጄ በአዲሱ የአባይ ድልድይ ተሻገርኩ፣ ሳልዋሽ አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት፣ 380 ሜትር ርዝመት 43 ሜትር ስፋት ማለት እኮ የኛ ሰፈር መንገድ አምስት ስድስቱ ጎን ለጎን ቢተኛ ነው። ከዛ ኮምቦልቻ ከገባሁ ጀምሮ ዩቲዩቡ በቃ የገመድ ድልድይ ብቻ ሆነ የሚያመጣልኝ። ትናንት ማታ አንዱን ከፈትኩት፣ ቬትናም ካን ቶ የሚባል ከተማ ነው፣ ትልቅ ወንዝ ላይ ድልድይ እየሰሩ ሳለ ተንዶ ከ50 ሰው በላይ ሞቷል። የሰራተኞቹ ቤተሰቦች ወንዙ ዳር ቆመው ሲያለቅሱ ሳይ እንቅልፍ አጣሁ ወላሂ። ቋንቋው ስለማይገባኝ ምን ሆኖ እንደወደቀ አላወቅኩም። ገመዱ ተበጥሶ ነው? እንደዛ ከሆነ የኛዎቹስ? የእህቴ ልጅ እዚሁ ኮምቦልቻ ካምፓስ ሲቪል ሁለተኛ አመት ነው፣ ብጠይቀው "አጎቴ እሱ ጋ ገና አልደረስንም" አለኝ ሃሃ።

ደግሞ ቦርከና ላይ እንዲህ አይነቱን የማይሰሩልን ለምንድነው (ይቺን ለጨዋታ ያዙልኝ)

ጦሳ ስር
ወንድሜ ገመዱ አይደለም። እንደውም የወደቀው ቦታ ላይ ገመድ የሚባል ነገር የለም፣ ሊኖርም አልነበረም።

እኔ ሲቪል ነኝ፣ ካምፓስ እያለን አንድ አስተማሪያችን ይሄንን አደጋ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስላስተማረን አልረሳውም። ቀኑንም አልረሳውም ምክንያቱም እኛ ሚሊኒየም ባከበርን በ15ኛው ቀን ነው፣ መስከረም 15 ቀን 2000፣ ለደመራ አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው። እዚህ ገና የሚሊኒየሙ ባንዲራ አልወረደም፣ እነሱ ጋ ጠዋት ስራ ተጀምሮ ሳለ ተናደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የገመድ ድልድይ ስትሉ ፎቶ ላይ የምታዩት መሀሉን ነው፣ ሁለት ረጃጅም ማማ፣ ከማማው ወደ ወለሉ የሚወርድ ገመድ። የካን ቶው በማማዎቹ መሀል ብቻ 550 ሜትር ነው፣ ሀው የሚባለው የሜኮንግ ቅርንጫፍ ላይ፣ ከሱ በፊት ህዝቡም መኪናውም በፌሪ፣ በማሻገሪያ ጀልባ ማለት ነው፣ ነበር የሚሻገረው። ግን መኪናው እዛ ከፍታ ላይ ዘሎ አይወጣም አይደል፣ ስለዚህ በሁለቱም በኩል መዳረሻ አለው፣ ምሰሶ ላይ የተቀመጠ ተራ የአርማታ ድልድይ። የወደቀው እሱ ነው፣ በቪን ሎንግ ክፍለ ሀገር በኩል ያለው መዳረሻ። ማንም ፎቶ የማያነሳው ክፍል።

አርማታው እዛው በቦታው ነበር የሚሞላው፣ ከስር ከመሬት ተነስቶ በቆመ የብረት ድጋፍ ላይ። መርማሪዎቹ ያሉት የዛ ጊዜያዊ ድጋፍ መሰረት እኩል ባልሆነ መንገድ ሰመጠ ነው። አንዱ እግር ትንሽ ዝቅ ሲል የሱ ሸክም ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል፣ ጎረቤቱ ደግሞ የተሰላው ለራሱ ድርሻ ነው፣ ይጎብጣል፣ ከዛ ሁሉም። አፈሩ ደግሞ የዴልታ ደለል ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ አርማታ ወደ 25 ኩንታል እንደሚመዝን አስቡት፣ ከላይ ሰራተኛ ከታችም ሰራተኛ ነበር።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ኮንትራክተሮቹ ሶስት የጃፓን ድርጅቶች በአንድ ላይ ሆነው ነው፣ ታይሴ፣ ካጂማና ኒፖን ስቲል። ካጂማ ማለት ደግሞ የኛን የአባይ በረሃውን ድልድይ፣ ጎሃ ጽዮንና ደጀን መሀል ያለውን 303 ሜትሩን የሰራልን ነው፣ እሱም በዛው ሰሞን ነው ሲሰራ የነበረው፣ በፈረንጅ 2008 ነው ያለቀው። የኛው ምንም ሳይሆን እስከዛሬ መኪና ያሳልፋል። ስለዚህ "ቻይና ስለሰራው" "ህንድ ስለሰራው" የሚባለውን ወሬ ተዉት፣ ስሙ የተጠራ ድርጅት ላይም ይደርሳል።

የቦርከናውን ለጨዋታ ብለሃል ግን ልመልስ፣ የገመድ ድልድይ መሀል ላይ ምሰሶ መትከል ሲያቅትህ ነው የሚያስፈልገው፣ መርከብ የሚያልፍበት ወይ ጥልቅ ውሃ። ቦርከናን በተራ ቢም፣ ማለትም ምሰሶ ላይ በሚጋደም ተሸካሚ፣ ትሻገረዋለህ።

የዳውዶው ፎርማን
ጦሳ ስር ጥሩ ነው የነገርካቸው ልጄ። እኔ ዲግሪ የለኝም፣ ከቀን ሰራተኝነት ጀምሬ አናጢ ሆኜ ከዛ ፎርማን፣ በደሴና በኮምቦልቻ የቆመ ስንት ፎቅ ላይ ላቤ አለ። ቬትናም አልሄድኩም ግን እሷን ነገር በአይኔ አይቻታለሁ፣ በትንሹ።

አንድ ጂ ፕላስ ቱ እየሰራን ነው ደሴ፣ ክረምት መግቢያ፣ መሬቱ ተዳፋት፣ አፈሩ ጥቁር። የመጀመሪያውን ሶሌታ፣ የፎቁን ወለል ማለቴ ነው፣ ካሳፎርማ (አርማታው የሚሞላበትን ቅርጽ) ሰርተን ፌሮ አስረን በባህር ዛፍ ፑንቴሎ፣ ከስር በሚደግፈው እንጨት፣ አቁመነዋል። እኔ ለባለቤቱ ፑንቴሎው ስር ጣውላ ይግባ አልኩ፣ ጣውላ ውድ ነው መሬቱ ደርቋል አለኝ፣ እኔም እውነት ለመናገር አልተከራከርኩም፣ ደርቆ ነበር። ጠዋት ልንሞላ ማታ ያን የደሴን ዝናብ አወረደው። ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ በአስራ አንድ ሰአት ባትሪ ይዤ ሄድኩ። ከዳር እስከ ዳር ሁሉም ፑንቴሎ ቆሟል፣ ምንም የወደቀ የለም፣ ደስ ብሎኝ ልመለስ ስል አንዱን በእጄ ነካ ባደርገው ተወዛወዘ። ሸክም የለበትም! ከላይ ቢሙን አልነካውም፣ ከስር ጭቃ ውስጥ ሁለት ጣት ገብቷል። በዛው ረድፍ አራቱ እንደዛ ናቸው። አርማታ ቢሞላ እነዛ አራቱ ቁመው ያያሉ እንጂ አይሸከሙም፣ ሌሎቹ ናቸው የሚችሉት፣ እስከሚችሉት።

ሙሌቱን ሰረዝኩ፣ ሚክሰሩ ቆሞ ተመለሰ፣ ባለቤቱ እየተሳደበ ጣውላ ገዛ። አስራ ሁለት ሰው ነበር በዛ ቀን ላዩ ላይ የሚወጣው።

የወደቀ ፑንቴሎ አያስፈራኝም እኔ፣ ሰው ያየዋል። የቆመ መስሎ ያልተሸከመው ነው የሚያስፈራኝ።

ሀይቅ ዳር
እኔ ግን አልተዋጠልኝም ይቅርታ። "መሬቱ ሰመጠ" ሲባል የአላህ ስራ ነው ማንም አልጠፋም የሚል ነው የሚመስለኝ። መሬት ይሰምጣል፣ ይታወቃል፣ ዴልታ ላይ ነው ያሉት። የዛን አፈር ጉዳይ ያላየ ወይ አይቶ ያለፈ ሰው የለም? ወንድሜ አረብ ሀገር ኮንስትራክሽን ላይ ነው የሚሰራው፣ ሁሌ የሚነግረኝ አደጋ ሲደርስ ሪፖርቱ ላይ አፈር ይጻፋል ዝናብ ይጻፋል ሰው አይጻፍም ነው።

ጦሳ ስር
እህቴ ልክ ነሽ፣ እኔም ማንም አልጠፋም አላልኩም። የኔ አመለካከት ይሄ ነው፣ ለድልድዩ የሚቆመው ምሰሶ ተቆፍሮ ፓይል (ወደ ጥልቅ መሬት የሚገባ የመሰረት ምሰሶ) ገብቶለት ሶስት ሰው ነው የሚፈርምበት፣ ጊዜያዊው ድጋፍ ግን ከወር በኋላ ስለሚነቀል ሰው በሙሉ ልቡ አያየውም። በዛች ወር ውስጥ ግን ሙሉ ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነው። ድልድይ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ግማሽ ሆኖ እያለ ነው ደካማው፣ ሰራተኛው ደግሞ ያኔ ነው ላዩ ላይ ያለው።

ህንድ ኮታ ከተማ ቻምባል ወንዝ ላይም የገመድ ድልድይ ሲሰራ በፈረንጅ ዲሴምበር 2009 ተንዶ 48 ሰው ሞቷል፣ ከዛ ስንት አመት ቆሞ 2017 ነው የተከፈተው። ሁሌ ድጋፍ ነው ማለቴም አይደለም፣ ኮሎምቢያ ቺራሃራ የሚባለው 2018 ጃንዋሪ ላይ ግማሹ ሲወድቅ ችግሩ የማማው ዲዛይን ላይ ነበር፣ ያልወደቀውን ግማሽ እራሳቸው ከወራት በኋላ በፈንጂ አፈረሱት፣ ምክንያቱም ያው ዲዛይን ነዋ። እሱ ጋ ሰው ተጽፏል።

በነገራችን ላይ (የሙያ ነገር ሆኖብኝ ነው) የኛ የአባይ በረሃውም የባህርዳሩም ንጹህ የገመድ ድልድይ አይደሉም፣ ኤክስትራዶዝድ ይባላሉ፣ ማማው አጭር ነው፣ ወለሉ እራሱ ወፍራም ሆኖ ብዙውን ይሸከማል ገመዱ ያግዘዋል። ስለዚህ የቦርከና ማዶ ባህርዳር ስትሄድ ተረጋግተህ ተሻገር።

የቦርከና ማዶ
አላህ ይስጣችሁ ሁላችሁም። እኔ ለካ ሙሉ ሌሊት በገመዱ ስጨነቅ ገመዱ ምንም የለበትም። ያ ድልድይ ግን መጨረሻው ምን ሆነ?

አሁን ደግሞ ሌላ ጭንቀት ገባኝ ጋሼ ፎርማን። ሳልነግራችሁ፣ እኔም ቤት እየሰራሁ ነው፣ ጂ ፕላስ ዋን፣ ቦርከና ዳር፣ ቅዳሜ ሶሌታ ይሞላል ተብሎ በግ ሁሉ ገዝቻለሁ። የእርስዎን ካነበብኩ በኋላ ባትሪ ይዤ ወረድኩ። ፑንቴሎዎቹ ስር ምንም የለም፣ ባዶ መሬት ነው፣ አንዳንዱ ስር ድንጋይ አለ። አናጢው "እንደዚህ ነው ሁልጊዜ የምንሰራው" ይላል።

ጦሳ ስር
ድልድዩ ተሰርቶ በእኛ 2002 ሚያዝያ ላይ ተከፈተ፣ ፌሪው ቀረ። ቅዳሜን ግን አራዝመው።

የዳውዶው ፎርማን
ድንጋይ ያለበት ከባዶው ይብስብሃል፣ ዙሮ ይወጣል። በጣትህ አትነካካው አንተ፣ ያላወቀ ሰው እየነቀነቀ ይጥለዋል። አናጢውን አትሳደበው፣ ጣውላ አላመጣህለትም እኮ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፣ በውስጥ መስመር ሰፈርህን ጻፍልኝ። ጣውላው አምስት ሴንቲ ውፍረት ይሁን፣ አንድ ለአንድ ሳይሆን ረድፉን ሙሉ የሚይዝ ረጅም። የቦርከና ዳር መሬት ነው ብለሃል፣ ውሃው የሚወርድበት ቦይ ከወዲሁ አስቆፍር። በጉን አሁን አትረድ።