ከኮምፒውተር የወጣ ፖስተር የድሮ ሸክላ ሽፋን እንዲመስል ምን ላድርግ?

የቀለም ጠብታ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። ለአንድ የኢትዮ ጃዝ ምሽት በኤ2 መጠን 100 ቅጂ የሚታተም፣ በቴሌግራምም የሚሰራጭ ፖስተር እየሠራሁ ነው። አዘጋጆቹ የጠየቁኝ አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ ሬከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ካቋቋመ በኋላ በነበሩት ዓመታት ይሸጡ የነበሩትን ሸክላዎች የሚያስታውስ ነገር ነው። ሥራውን በኢሉስትሬተር ሠርቼ በፎቶሾፕ ቢጫ አሮጌ ወረቀት አለበስሁት፤ የተፋፋቀ የሚመስል የአማርኛ ፎንት ተጠቀምሁ፤ አቧራ፣ ጭረትና ሸክላ ሽፋኑ ላይ የሚተወውን ክብ ምልክትም ጨመርሁ። አዘጋጆቹ ግን ገና እንዳዩት «ይህ ያረጀ ሳይሆን አሮጌ ልብስ የለበሰ ነው» አሉኝ። ደግሜ ሳየው እውነታቸውን ነው። የቱ ላይ እንደሳትሁ ብታመለክቱኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የማተሚያ ቤት ሰው፦
ልጄ፣ በኦፍሴት ማሽን አጠገብ ብዙ ዓመት ስለ ቆምሁ የሚታየኝን ልንገርሽ። ጉድለት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ወረቀቱ ከማሽን ሲወጣ አብሮት የተወለደ ነው፣ ሌላው በፀሐይ፣ በግድግዳና በእጅ ብዛት ኋላ የመጣ ነው። አንቺ የጨመርሽው ሁሉ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ጭራሽ ስለሌለ ሥዕሉና ጽሑፉ ዛሬ ጠዋት እንደታተሙ ጥርት ብለው ሳሉ ወረቀቱ ብቻ አርጅቷል። እኛ ያተምናቸው ወረቀቶች በታተሙበት ቀን ነጭ ነበሩ፤ ቢጫ ያደረጋቸው ጊዜ ነው። ክቡን ምልክት ደግሞ ብታጠፊው ይሻላል። እርሱ የሚመጣው ሸክላው ከውስጥ ሆኖ ሽፋኑን ለዓመታት ሲያሸው ነው፣ ፖስተር ውስጥ ደግሞ ሸክላ የለም። ፖስተር የሚታጠፈው ለአራት ነው፣ የሚበሳውም ማዕዘኑ ላይ በሚስማር ነው።

ከተወለደበት ጉድለት ዋናው የቀለሞች አለመገጣጠም ነው። እያንዳንዱ ቀለም በየራሱ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ስለሚታተም፣ ወረቀቱ እርጥበት ስቦ ሲለጠጥ ወይም ማሽኑ አጥብቆ ሳይዘው ሲቀር፣ አንዱ ቀለም ከሌላው አጠገብ በጥቂቱ ይንሸራተታል። ነገር ግን የሚንሸራተተው ፕሌቱ በሙሉ መሆኑን ልብ በዪ። ብዙ ወጣቶች የዘፋኙን ኮት ወደ ቀኝ፣ መለከቱን ወደ ግራ፣ ርእሱን ወደ ታች ይገፉና «ቀለሙ ስቷል» ይላሉ፤ እንዲህ ያለ ማሽን እኔ በዕድሜዬ አላየሁም። ቀዩ ከሄደ በገጹ ላይ ያለ ቀይ ሁሉ አብሮ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራሽን በዕቃ ሳይሆን በቀለም ለያይተሽ ቀዩን ሁሉ በአንድ ሌየር (ንብርብር)፣ ጥቁሩን ሁሉ በሌላ አድርጊና ሌየሩን በሙሉ ግፊው። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ፒክስል) 1 ሚሊሜትር ወደ 12 ፒክስል ስለሆነ ለኤ2 ከ6 እስከ 10 ፒክስል ይበቃል። ጥቂት ብታዞሪውም ያምራል፤ 0.1 ዲግሪ እንኳ በኤ2 ቁመት ጫፍ ላይ 1 ሚሊሜትር ያህል ያርቃል።

የፊደል ወዳጅ፦
ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ፎንቱ ልጨምር። የተፋፋቁ ፎንቶች የሚያጋልጡን ጉዳታቸው ስለሚደጋገም ነው። በርእስሽ ውስጥ አራት «ት» ካሉ አራቱም እዚያው ቦታ ላይ ያው ጭረት አላቸው። ከእርሳስ ብረት በተሠራ ፊደል ይታተም በነበረበት ዘመን ግን አራቱ «ት» አራት የተለያዩ የብረት ፊደሎች ነበሩ፤ አንዱ ጫፉ ተሰብሯል፣ አንዱ ቀለም አልያዘም፣ ሁለቱ ደኅና ናቸው። ለላቲን ፊደል የሚሠሩ አንዳንድ ፎንቶች የሚደጋገመውን ፊደል በራሳቸው ይለዋውጣሉ፤ በእኛ 33 ፊደላት በየሰባቱ ሲባዙ ብቻ 231 ቅርጽ ስለሚሆን ለእያንዳንዱ ሦስት አራት ዓይነት የሚስል ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ንጹሕ ፎንት ተጠቅመሽ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ለውጪና እያንዳንዱን በእጅሽ ነካ ነካ አድርጊው።

ቀለም ወረቀት ላይ ሲሰርግ የሚያመጣውን ክብ ማዕዘን ለማግኘት ጽሑፉን በ600 ዲፒአይ ጥቁርና ነጭ አድርገሽ ከ4 እስከ 6 ፒክስል በጋውሲያን ብላር አደብዝዢው፤ ከዚያ በሌቭልስ ጥቁሩንና ነጩን አጥብበሽ እንደገና ጥርት እንዲል አድርጊ። ማዕዘኑ ይለዝባል፣ ጠባቡ ክፍተት በጥቂቱ ይሞላል። ለትልቁ ርእስ ይህ በቂ ነው፤ ለአድራሻውና ለሰዓቱ ግን እጅሽን ያዢ። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው የአንዲት ትንሽ ሰረዝ ቦታ ስለሆነ፣ ብዥታው ሲበዛ «ቡና» «ቢና» ይሆንብሻል።

የታፔላ ሠዓሊው ልጅ፦
እኔ ግን ለግማሽ ቀን ያህል ኮምፒውተሩን ዝጊው እላለሁ። አባቴ ታፔላ ሲጽፍ በጠመኔ መስመር አስምሮ ነበር የሚጀምረው፤ ሆኖም ቃሉ ረጅም ሲሆን ሰሌዳው ያልቅበትና የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ፊደላት ጠበብ ጠበብ ይሉ ነበር። ያንን ማንም አስቦ አይሠራውም፣ በፊልተርም አይገኝም። ርእሱን በወፍራም ብሩሽ ስምንት አሥር ጊዜ ጽፈሽ ከሁሉም መልካም መልካሙን ፊደል ልቀሚ። ብሩሽ ከሌለ ጽሑፉን በሌዘር ፕሪንተር አትመሽ ጨምድደሽ ዘርጊው፤ የፎቶኮፒውን ፎቶኮፒ ሦስት ጊዜ አንሺና በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጊው። አንድ ቀን የሚፈጅ የፎቶሾፕ ሥራ በሃያ ብር ፎቶኮፒ ሲያልቅ አይቻለሁ።

ነጥብ በነጥብ፦
ስለ ፎቶግራፉ ማንም ስላላነሳ እኔ ልበል። የሙዚቀኛውን ፎቶ በሃልፍቶን (ጥላውን በትልልቅና በትንንሽ ነጥቦች በሚያሳየው ዘዴ) ነጥብ ካደረግሽው መጠኑን አስቀድመሽ ወስኚ፤ ነጥብ ከሆነ በኋላ ማሳነስም ማሳደግም የለም። ፎቶው በአንድ ቀለም ብቻ ከሆነ ነጥቡን በ45 ዲግሪ አዘንብዪው፤ በአራት ቀለም ከሆነ የተለመደው ሳያን (ውሃ ሰማያዊ) 15፣ ማጀንታ (ሐምራዊ ቀይ) 75፣ ቢጫ 0፣ ጥቁር 45 ነው። ዛሬ የሚያትምልሽ ቤትም የራሱን ነጥብ ስለሚጨምር፣ ያንቺ ነጥብ ግራጫ ካለበት ሁለቱ ነጥቦች ተደራርበው ሞገድ የሚመስል ዝብርቅርቅ ይፈጥራሉ። ነጥቡን ፍጹም ጥቁርና ነጭ በሆነ የቢትማፕ ፋይል፣ ቢያንስ በ600 ዲፒአይ፣ በሙሉ ጥቁር ቀለም ስጫቸው። በነገራችን ላይ ቀለሞችሽን ሁለት ወይም ሦስት አድርጊ፤ ቀዩን በነጥብ አሳስተሽ በቢጫው ላይ በመልቲፕላይ (የላዩ ቀለም ከታችኛው ጋር በሚዋሃድበት ምርጫ) ብትጥዪው ብርቱካናማውን ያለ ተጨማሪ ወጪ ታገኛለሽ፣ ያኔም የሚደረገው እንዲሁ ነበር።

የቀለም ጠብታ (ጠያቂ)፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቢጫውን ወረቀትና ክቡን አወጣሁ፤ ርእሱን በብሩሽ ጽፌ ስካን አደረግሁ፤ ሥራውን በጥቁር፣ በቀይና በቢጫ ለያየሁት። ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። ቀዩን 8 ፒክስል ስገፋው የዘፋኟ ከንፈር ወደ ጉንጯ ሸሸብኝ፤ ከንፈሩን ብቻ ወደ ቦታው ልመልሰው ወይ? በቴሌግራም ስልከው ደግሞ የፎቶው ነጥቦች ሞገድ ሆኑ።

የማተሚያ ቤት ሰው፦
ከንፈሩን ለብቻው አትመልሺው፤ ያን ጊዜ በዕድሜዬ አላየሁም ያልሁሽ ማሽን ተመልሶ ይመጣል። አቅጣጫውን ለውጪው። ፊት ባለበት ሥራ ወደ ጎን ከመግፋት ወደ ታች 4 ወይም 5 ፒክስል መግፋት ይሻላል፤ የታችኛው ከንፈር በጥቂቱ ይወፍራል እንጂ ፊቱ አይጣመምም። እኛም ቀለሙ ሲስት መጀመሪያ የምናየው ዓይንና ከንፈር ነበር፤ እርሱ ካልተበላሸ ሌላውን ደንበኛው ብዙ ጊዜ አያስተውለውም።

ነጥብ በነጥብ፦
ሞገዱ የመጣው ምስሉ ሲያንስ ነጥቦቹ ከስክሪኑ ፒክስል ጋር ስለማይገጥሙ ነው። ለቴሌግራም የተለየ ፋይል አዘጋጂ፤ መጀመሪያ ፎቶውን ያለ ነጥብ በሚላክበት መጠን አሳንሺው፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እያንዳንዱ በዓይን የሚቆጠር ትልልቅ ነጥብ አድርጊበት።