የቀበሌ አማካይ 6.4 ወጣልኝ፤ የቱ መረጃ ላይ የቱን መለኪያ ነው የምጠቀመው?

ጦሳ ሥር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፒያሳና ሰኞ ገበያ ካሉ 64 ሱቆች በመጠይቅ የሰበሰብኩት መረጃ አለኝ። የተሞላው ቀበሌ፣ የባለቤቱ የትምህርት ደረጃ (1 ያልተማረ፣ 2 አንደኛ ደረጃ፣ 3 ሁለተኛ ደረጃ፣ 4 ዲፕሎማና ከዚያ በላይ)፣ የሠራተኛ ብዛት፣ ሱቁ የሚከፈትበት ሰዓት፣ የቀን ሽያጭ በብር፣ እንዲሁም «በግብር ትመናው ረክቻለሁ» ለሚለው ከ1 እስከ 5 የተሰጠ መልስ ነው። የሠራተኛ ብዛት ያልነገሩኝ 4 ሱቆች ላይ 99 ሞልቻለሁ።

ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ፕሮግራሙ) ላይ ሁሉንም መርጬ ዴስክሪፕቲቭስ (አማካይና መሰል መለኪያዎችን የሚያወጣው ትዕዛዝ) ስለው የቀበሌ አማካይ 6.4፣ የሠራተኛ 8፣ የመክፈቻ ሰዓት 5 ሰዓት ገደማ አወጣ። አማካሪዬ «ለሁሉም አማካይ ለምን?» ብለው መለሱልኝ። ሽያጩም ግራ አጋብቶኛል። የአንድ መንደር 9 ሱቆች እነዚህ ናቸው፦ 1,200፣ 1,500፣ 1,500፣ 1,800፣ 2,000፣ 2,200፣ 2,500፣ 2,800፣ 32,000። አማካዩ 5,278 ብር ነው፤ ከ9ኙ 8ቱ ግን ከዚያ በታች ናቸው። እንዴት ብዬ ነው የምጽፈው?

ቦርከና

አብሽር ወንድሜ፣ የሚስተካከል ነው። ከቀበሌው እንጀምር። ቀበሌ 08 የቀበሌ 04 እጥፍ አይደለም፤ ቁጥሩ ስም ነው። እንዲህ ያለው ኖሚናል ይባላል፤ የሚሠራለት ድግግሞሽና በመቶ ነው፣ ከመሐል መለኪያዎች ደግሞ ሞድ (በብዛት የተደጋገመው) ብቻ። አንድ ነገር ልብ በል፤ ቫሪያብል ቪው (የእያንዳንዱን መረጃ ዓይነት የምትሞላበት ገጽ) ላይ «ኖሚናል» ብለህ ብትሞላውም ዴስክሪፕቲቭስ አማካዩን ከማስላት አይመለስም። ፕሮግራሙ የሚያየው ቁጥር መሆኑን ብቻ ስለሆነ ጥንቃቄው ያንተ ነው። ለቀበሌ ፍሪኩዌንሲስን (የድግግሞሽ ትዕዛዙን) ተጠቀም።

የትምህርት ደረጃው ኦርዲናል ነው። ቅደም ተከተል አለው፣ ግን ከ1 እስከ 2 ያለው ርቀት ከ3 እስከ 4 ካለው ጋር እኩል ነው የሚል ማንም የለም። «አማካይ ትምህርት 2.7» ብትል አንባቢው ምን ይያዝ? ሚድያኑን (በቅደም ተከተል ሲደረደር መሐል ላይ የሚውለውን) እና የእያንዳንዱን ደረጃ በመቶ ስጥ።

የሠራተኛ ብዛት 8 የሆነው በ99ኞቹ ነው። 60ዎቹ ሱቆች በአማካይ 2 ሠራተኛ ቢኖራቸው ድምሩ 120 ነው። 4 ጊዜ 99 ማለትም 396 ሲጨመርበት 516 ይሆናል፤ ለ64 ሲካፈል 8.06። ቫሪያብል ቪው ውስጥ «ሚሲንግ» በሚለው ዓምድ 99ን አስገባና እንደገና አስላ። ኤክሴል ላይ ከሆነ ሳጥኑን ባዶ ተወው፤ 0 እንዳትሞላ፣ 0 «ሠራተኛ የለኝም» የሚል እውነተኛ መልስ ነው።

ስለ ሽያጩ፣ ከሁሉ በፊት 32,000 የሚለውን መጠይቅ አውጥተህ እየው። 3,200 ላይ አንድ ዜሮ ተጨምሮ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ባለሱቁ የወር ሽያጩን ነግሮህ ይሆናል፤ ወይም እውነትም ጅምላ አከፋፋይ ነው። ሦስቱ የሚፈቱት በተለያየ መንገድ ነው። ስህተት ከሆነ ታርማለህ፣ እውነት ከሆነ ግን ስላላማረህ ብቻ አትሰርዘውም። ሚድያኑን ተመልከት፦ በቅደም ተከተል 5ኛው 2,000 ነው። 32,000 ወደ 3,200 ቢለወጥም ሚድያኑ እዚያው 2,000 ላይ ይቆያል። አማካዩ ግን ከ5,278 ወደ 2,078 ይወርዳል። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደተራራቁ የሚለካው) ደግሞ ከ10,034 ወደ 661። ሽያጭ ከዜሮ በታች በማይወርድበት ቦታ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከአማካዩ ሲበልጥ ካየህ አንድ ሩቅ ቁጥር እየጎተተው ሊሆን ይችላልና ወደ መጠይቁ ተመለስ።

ገራዶ

ቦርከና ሰዓቱን አልፎታል፣ እኔ ልሙላው፤ በእኛ አቆጣጠር ለሚሠራ ሰው ዋናው ወጥመድ እሱ ነው። ሦስት ሱቆች ጠዋት 12:30፣ 1:00 እና 2:00 ይከፍታሉ እንበል። እንዳለ ደምረህ ለ3 ስታካፍል 5:10 ይመጣል። በዚያ ረፋድ ሦስቱም ከከፈቱ ቆይተዋል! ሰዓታችን 12 ላይ ዞሮ እንደገና ከ1 ስለሚጀምር፣ 12:30 በአቆጣጠሩ ትልቁ ቁጥር፣ በእውነቱ ግን የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስተህ በደቂቃ ቁጠር፦ 30፣ 60፣ 120። ድምሩ 210፣ አማካዩ 70 ደቂቃ፣ ማለትም 1:10። 11:30 ላይ የሚከፍት ዳቦ ቤት ካለ −30 ብለህ ሙላው።

ቀንም እንዲሁ ነው። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጅን ወር ስለሆነ ጥቅምት 30ን 30/2 ብለህ ስትጽፍ በየካቲታቸው 30 ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ጳጉሜንንም እንደ 13ኛ ወር አያውቃትም። የባሰው ሳያስጠነቅቅ የሚሳሳተው ነው። ከመስከረም 30 እስከ ጥቅምት 1 አንድ ቀን ነው፤ ከ30/1 እስከ 1/2 ብለህ ብታስቀንሰው ግን 2 ይልሃል። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ሙላ። የዓመቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ለማወቅ ከወሩ 1 ቀንስ፣ በ30 አባዛ፣ ቀኑን ደምርበት።

ሌላው፣ «1,500 ብር» ብለህ ከነብሩ የጻፍከው ሳጥን ለኤክሴል ቁጥር አይደለም። አማካይ ሲሰላ ምንም ሳይል ይዘለዋል። ብሩን ርዕሱ ላይ ብቻ ጻፍ።

የሰበሰብክበትንም ቀን መዝግብ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ሰኞ የተሞላ መጠይቅና ሐሙስ የተሞላ መጠይቅ ስለ አንድ ዓይነት «የቀን ሽያጭ» አያወሩም፤ የቱም ስሌት ይህንን በኋላ አይጠግነውም።

ሐረጎ ቁልቁለት

እርካታውን በተመለከተ። 32 ሰው 1፣ 32 ሰው 5 ቢመልስ አማካዩ 3 ነው፤ «ነጋዴው ገለልተኛ ነው» ብለህ ትጽፋለህ፣ 3 ያለ ግን አንድም ሰው የለም። ለአንድ ነጠላ ጥያቄ በመቶውን በሰንጠረዥ አሳይ። ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ በርካታ ዐረፍተ ነገሮች ድምር ቢኖርህ ኖሮ አማካይ መውሰድ የተለመደ ነው። ያኔም በአሉታ ለተጻፉት የተሰጠውን መልስ ከ6 ላይ ቀንሰህ (5 የነበረው 1 እንዲሆን) መገልበጥ አለብህ።

የፒያሳና የሰኞ ገበያን አማካይ ለየብቻ አውጥተህ ለ2 እንዳታካፍልም። 40 ሱቅ በ3,000፣ 24 ሱቅ በ2,000 ቢሆን የጋራው 2,625 ነው እንጂ 2,500 አይደለም። ፍጥነት ሲሆን ደግሞ አማካዩ ራሱ ሌላ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ሐረጎን ቁልቁል በሰዓት 50፣ ሽቅብ ሲመለስ በ30 ኪሎ ሜትር የነዳ ሚኒባስ የደርሶ መልስ አማካዩ 40 ሳይሆን 37.5 ነው፤ ዳገቱ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ቆይቷልና።

ጦሳ ሥር (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። መጠይቁን አወጣሁት፣ 3,200 ነው፤ ዜሮውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። የሠራተኛውም አማካይ 2 ሆነ። አንድ ነገር ቀረኝ። ለእነዚሁ 9 ሱቆች 3ኛው ኳርታይል (ከመረጃው ሦስት አራተኛው ከሱ በታች የሚሆንበት ቁጥር) ኤክሴል ላይ 2,500፣ ኤስፒኤስኤስ ላይ 2,650 ይላል። የቱ ነው የተሳሳተው?

ቦርከና

ሁለቱም አልተሳሳቱም፣ ቦታውን የሚፈልጉበት መንገድ ተለያይቶ ነው። ኤክሴል ላይ የተጠቀምከው «ኢንክ» የሚለውን ቀመር ነው፤ ከ9 አንድ ቀንሶ በ0.75 አባዝቶ 1 ይደምራል፣ 7ኛው ላይ ይቆማል፦ 2,500። ኤስፒኤስኤስ 9 ላይ 1 ደምሮ በ0.75 ያባዛል፤ 7.5 ስለሚመጣ የ7ኛውንና የ8ኛውን መሐል ይወስዳል፦ 2,650። ኤክሴልም «ኤክስክ» በሚለው ቀመር ይህንኑ ይሰጥሃል። 64ቱን ስትይዝ ልዩነቱ ይጠባል። አንዱን ምረጥና እስከ መጨረሻው በሱ ሂድ፤ በሥነ ዘዴው ክፍል የቱን እንደተጠቀምክ አንድ መስመር ጻፍ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም ላይ እንዲሁ፤ የያዝከው ናሙና ስለሆነ ለ9 ሳይሆን ለ8 የሚያካፍለውን ውሰድ፣ 623 ሳይሆን 661 የሚለውን።