ዋጋው ዝቅ ያለ ባይፖድ ለዒላማ ተኩስና ለአደን ያገለግላል ወይ?

አዲስ ዒላማ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በፈቃድ የያዝኩት ባለመቀርቀሪያ 308 ካሊበር ጠመንጃ አለኝ። እስካሁን የምተኩሰው በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፌ ሲሆን፣ አሁን ግን በተኩስ ሜዳም ሆነ በአደን ጊዜ የሚያገለግለኝ ባይፖድ፣ ማለትም ከጠመንጃው ፊት ተገጥሞ የሚዘረጋ ባለሁለት እግር መደገፊያ፣ ለመግዛት አስቤያለሁ። ዓይኔ ያረፈበት ዕቃ ቅርጹ ሃሪስ የተባለውን የታወቀ ባይፖድ የሚመስል፣ ዋጋው ግን የዚያን ሩብ እንኳ የማይሞላ ነው። እግሮቹ አልሙኒየም ናቸው፤ በሞላ ይዘረጋሉ፤ ቁመታቸው ከ15 እስከ 23 ሴንቲሜትር ይደርሳል። የሚታሰረው በማንገቻው ጉጥ ላይ ሲሆን አናቱም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዘነብላል።

በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። እግሩ ሲዘረጋ ጥርት ያለ ድምፅ ያሰማል፤ ቀለሙም ያምራል። ነገር ግን ዛሬ ማማሩ ከመቶ ጥይት በኋላ ምን እንደሚሆን አይነግረኝም። ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት የትኛውን የዕቃውን ክፍል ልመርምር? ባይፖድ ስገጥም ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል የሚባለውስ እውነት ነው? አብዛኛውን ጊዜ የምተኩሰው ከ100 እስከ 200 ሜትር ባለው ርቀት ነው፤ ለአደን የምወጣው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ሲሆን የምሄደውም በእግሬ ነው።

የአሸዋ ከረጢት፦

ወንድሜ፣ ርካሽ ባይፖድ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ገዢው በሚያየው ቦታ አይደለም። ሁሉም ሰው እግሩን ይዘረጋል፣ ይሰበስባል፣ የሞላውን ጉልበት ያይና ይረካል። እግሩ ግን ቀጥ ያለ ቱቦ ነው፤ ርካሹም ውዱም የጠመንጃውን ክብደት ያለ ችግር ይሸከማል። ልዩነቱ ያለው እግሩ ከአናቱ ጋር በሚገናኝበት መጋጠሚያና አናቱ ራሱ ከሰደፉ፣ ማለትም ብረቱን ከያዘው የጠመንጃው አካል፣ ጋር በሚታሰርበት ቦታ ነው።

አናቱን በአንድ እጅዎ ይጨብጡና የተዘረጋውን እግር ጫፉ ላይ ይዘው መጀመሪያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ቀጥሎም ወደ ጎን ይወዝውዙት። መጠነኛ ልልነት በውዱም ላይ ስላለ እሱ አያስደንግጥዎ። ሊያሳስብዎ የሚገባው የግራው እግር ልልነት ከቀኙ የተለየ እንደሆነ ነው፤ እንዲህ ያለው ባይፖድ ጠመንጃው በተኮሰ ቁጥር ወደ ላላው ወገን ስለሚያዘነብል፣ እርስዎ ቃታ አሳሳቤ ተበላሽቷል ብለው ለወራት ራስዎን ሲወቅሱ ይኖራሉ። ቀጥለው እግሩ የሚታጠፍበትን ፒን ይዩ። ፒኑ በብሎን የተያዘ ከሆነ ሲላላ ሊያጠብቁት ይችላሉ፤ ተቀጥቅጦ የታተመ ከሆነ ግን የላላ ዕለት ዕቃው አበቃለት። እኔ ከዓመታት በፊት የገዛሁት ስሙ የማይታወቅ ባይፖድ አናቱ በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ርካሽ ቅይጥ ነበር። አንድ ቀን በሚገባ የከረረውን ብሎን ይበልጥ ላጠብቅ ስል ጆሮው ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ስብራቱም ውስጡ እንደ ስኳር የሻከረ ግራጫ ነበር። ከዚያ ወዲህ አናቱ ከምን እንደተሠራ ሳልጠይቅ አልገዛም።

አናቱ የሚያዘነብል መሆኑ ጠቃሚ ነው፤ መሬት ደልዳላ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነውና። ነገር ግን ያዘነበለውን ቦታ የሚቆልፈው መዘውር መንሸራተት የለበትም። ነገሩን በቁጥር ለማየት ያህል፣ ጥይቱ ዒላማው ላይ እስኪደርስ ከአፈሙዙ መስመር 80 ሴንቲሜትር ይወርዳል እንበል። ጠመንጃው በ5 ዲግሪ ወደ ቀኝ ካዘነበለ ያ ጥይት ወደ 7 ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ቀኝ ያርፋል። በ100 ሜትር የሚወርደው ጥቂት ስለሆነ ስሕተቱ አይታወቅዎትም፤ ርቀቱ ሲጨምር ግን ያሳብቃል። ስለዚህ መዘውሩን ያጥብቁና ባይፖዱ የተገጠመበትን ጠመንጃ በሁለት እጅ ወደ ጎን ገፋ ያድርጉት፤ ከተንቀሳቀሰ መዘውሩ ጌጥ ነው።

ለመግዛት ከወሰኑ፣ ሲገጥሙት ካዝናውንና መቀርቀሪያውን አውጥተው፣ የጥይት ማጉረሻው ባዶ መሆኑን በዓይንዎም በጣትዎም አረጋግጠው ይሁን። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አውጥተው መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የብሎን ማጣበቂያ ጠብ ያድርጉባቸውና መልሰው ያጥብቋቸው፤ ከዚያ በእያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይ እስከ ጎኑ ብረት የሚዘልቅ ቀጭን ነጭ መስመር በቀለም ያስምሩ። ከተኩስ በኋላ መስመሩ ከተቆረጠ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው። ይህ ማንኛውም ሻጭ ከሚሰጥዎ ዋስትና ይሻላል።

እግረኛ አዳኝ፦

የአሸዋ ከረጢት የተናገሩት ሁሉ ለተኩስ ሜዳ ትክክል ነው። ጠያቂው ግን አደንንም ስላነሡ፣ በእኔ አስተያየት የዕቃው ጥራት ለአደን ሁለተኛ ጥያቄ ነው፤ የመጀመሪያው ቁመቱ ነው። ከ15 እስከ 23 ሴንቲሜትር ያለው እግር በደረት ተኝቶ ደልዳላ ላይ ለሚተኩስ ሰው የተሠራ ነው። በዱር ውስጥ በደረትዎ ሲተኙ ፊትዎ ላይ ያለው ሣር ከዚያ ይበልጣልና በማነጣጠሪያው መነጽር ውስጥ የሚታየዎት አረንጓዴ ጭጋግ ብቻ ይሆናል። ከሣሩ በላይ ቢያዩ እንኳ አፈሙዙ ከመነጽሩ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ፣ ለዓይንዎ ጥርት ያለው መንገድ ለጥይቱ ጥርት ያለ ላይሆን ይችላል። ሰዎች ይህን የሚማሩት አብዛኛውን ጊዜ ከፊታቸው ያለውን ቅርንጫፍ ከመቱ በኋላ ነው።

ቁጭ ብሎ ለመተኮስ ከ34 እስከ 69 ሴንቲሜትር የሚደርሰው ረጅሙ ዓይነት አለ። እሱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። እግሩ በረዘመ መጠን መጋጠሚያው ላይ ያለች ጥቂት ልልነት እግሩ ጫፍ ላይ ስትደርስ ትገዝፋለች፤ ስለዚህ በአጭሩ ርካሽ ባይፖድ ላይ የሚታለፈው ጉድለት በረጅሙ ርካሽ ባይፖድ ላይ አይታለፍም። ገንዘብዎ ለአንዱ ብቻ ጥሩ ዕቃ የሚበቃ ከሆነ፣ አጭሩን ርካሽ፣ ረጅሙን ጥሩ ያድርጉት እንጂ ተቃራኒውን አያድርጉ።

ክብደቱም አለ። ከ300 እስከ 450 ግራም መስማት ቀላል ነው፤ ሆኖም ያ ክብደት የሚንጠለጠለው በጠመንጃው ጫፍ ስለሆነ ተራራ ለሚወጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ትከሻው ላይ ነው። በቆሙበት ድንገት ለማነጣጠር ሲያነሡትም አፍንጫው ይከብዳል። የታጠፈው እግርም በእሾህና በማንገቻ ይያዛል።

ያ ጥርት ያለ ድምፅ ያሉት ነገር ደግሞ እርስዎን ደስ ቢያሰኝም አውሬውን ያባርራል። የሞላ እግር ሲለቀቅ ብረት በብረት ላይ ስለሚመታ በጸጥታ ጊዜ ሩቅ ይሰማል። እኔ እግሩን በመዳፌ ይዤ ቀስ እያልኩ ነው የምዘረጋው፤ የሚያርፍበትንም ቦታ በቀጭን የጨርቅ ፕላስተር ሸፍኜዋለሁ። እንዲያም ሆኖ ብዙውን ጊዜ የምጠቀመው ሁለት ቀጫጭን በትር መስቀልያ አስሬ ነው። በትሩ ከጠመንጃው ጋር አይታሰርም፣ አይከብድም፣ በመንገድም እንደ ምርኩዝ ያገለግላል።

አዲስ ዒላማ፦

ሁለታችሁንም እጅግ አመሰግናለሁ። የቁመቱን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። ሰደፌ ፕላስቲክ መሆኑንና ጠመንጃው ላይ ሐዲድ፣ ማለትም ዕቃ የሚገጠምበት ባለጥርስ ብረት፣ አለመኖሩን ልጨምር፤ ማንገቻው የሚታሰርበት አንድ ጉጥ ብቻ ነው ያለው። ስለ ጥይቱ ማረፊያ መለወጥ የጠየቅሁት ግን አሁንም አልተመለሰልኝም።

ሰደፍ ጠራቢ፦

ፕላስቲክ ሰደፍ ካሉ መልሱ እዚያው ነው፤ ቀደም ብለው የጻፉት ወዳጆቼም ይህን መዝለላቸው ገርሞኛል። ከፋብሪካ በርካሽ የሚወጡ የፕላስቲክ ሰደፎች የፊት ክፍላቸው ውስጡ ባዶ ስለሆነ ይጎብጣል። ጠመንጃው በከረጢት ላይ ሲያርፍ ክብደቱ በሰፊ ቦታ ይከፋፈላል። በባይፖድ ላይ ሲያርፍ ግን ሸክሙ በሙሉ በጉጡ አካባቢ፣ ያውም ጫፉ ላይ ስለሚያርፍ ፕላስቲኩ ወደ ላይ ጎብጦ አፈሙዙን ይነካል። አፈሙዝ ሲተኮስ ይንቀጠቀጣል፤ በነጻነት መንቀጥቀጥ ያለበት አፈሙዝ ከታች ሲገፋ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይቀየራል። ከዚህም የከፋው ገፊው ጉልበት እንደ ትከሻዎ ጫና ስለሚለያይ ለውጡ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። በዚህ ሁኔታ በጣም ውዱን ባይፖድ ቢገጥሙም ችግሩ አይፈታም።

ለማረጋገጥ አንዲት ወረቀት ይበቃል። ባዶውን ጠመንጃ በባይፖዱ ላይ ያሳርፉ፤ ወረቀቷን በአፈሙዙና በሰደፉ መካከል አስገብተው እስከ መቀርቀሪያው ቤት አቅራቢያ ይጎትቷት። በነጻ ካለፈች ሌላ ሰው ወረቀቷን እየጎተተ እርስዎ በደረትዎ ተኝተው ልክ እንደሚተኩሱ ሆነው ጠመንጃውን በትከሻዎ ይግፉት። ያኔ ከተያዘች ጥፋቱ የሰደፉ ነው። መፍትሔውም ውስጡን በጥንቃቄ ፍቆ ክፍተቱን ማስፋት ወይም ባዶውን ክፍል ኤፖክሲ በተባለ ደርቆ በሚጠነክር ሙጫ መሙላት ነው።

ተኩሱን ሲያወዳድሩም መጀመሪያ ሁሉንም በከረጢት፣ ከዚያ ሁሉንም በባይፖድ አይተኩሱ፤ አፈሙዙ ስለሚግል ሁለተኛው ይበደላል። ሁለት ዒላማ ጎን ለጎን ሰቅለው አንዱን በከረጢት አንዱን በባይፖድ እያፈራረቁ በእያንዳንዱ ላይ አምስት አምስት ጥይት ይተኩሱ፤ በመካከሉም ያቀዝቅዙት። ሦስት ጥይት አንድ ላይ ቢሰበሰብ ዕድል ሊሆን ይችላል፤ አምስትም ብዙ አይደለም፣ ግን ከሦስት ይሻላል። የሚያወዳድሩት የስብስቡን ስፋት ብቻ ሳይሆን የመካከሉን ቦታ ጭምር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በኮንክሪት ወይም በጠረጴዛ ላይ የጎማው ጫማ ስለሚነጥር ጠመንጃው ይዘላል። ከሥሩ የምንጣፍ ቁራጭ ያንጥፉበትና በትከሻዎ ቀስ ብለው ወደ ፊት ገፋ ያድርጉት፤ የሚገፉትም የእግሮቹ ልልነት እስኪያልቅ ብቻ ነው። አንዳንዶች እግሩ እስኪጎብጥ ይገፋሉ፤ ያ ደግሞ የራሱን መንቀጥቀጥ ያመጣል። ከኋላ ሰደፉ ሥር ትንሽ ከረጢት ካላደረጉም ከፊት ያለው መደገፊያ ግማሽ ሥራ ብቻ ነው የሚሠራው።

የአሸዋ ከረጢት፦

ሰደፍ ጠራቢ ልክ ናቸው፤ የእኔ ጠመንጃ ሰደፉ እንጨት ስለሆነ ነገሩ ከአእምሮዬ ወጥቷል። ወደፊት ሐዲድ አስገጥማለሁ ካሉ ሁለት ዓይነት አለ፤ ፒካቲኒ የሚባለው ሐዲድ ክፍተቱ 5.23 ሚሊሜትር፣ ዊቨር የሚባለው ደግሞ 4.57 ሚሊሜትር ስለሆነ ለፒካቲኒ የተሠራው መያዣ ብዙውን ጊዜ በዊቨር ላይ እንደማይገባ ይወቁ።

አዲስ ዒላማ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ባይፖዱን ገዛሁት። ከመደርደሪያው ላይ ሦስቱን አስወርጄ እግራቸውን ስወዘውዝ ሁለቱ የግራና የቀኝ ልልነታቸው የተለያየ ስለነበር ሦስተኛውን ወሰድኩ፤ ሻጩም በትዝብት ሲመለከተኝ ቆየ።

በ100 ሜትር እያፈራረቅሁ ስተኩስ በባይፖድ ላይ የተተኮሱት አምስት ጥይቶች መካከላቸው በከረጢት ከተተኮሱት በ4 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ስብስባቸውም ሰፋ ያለ ነበር። ወረቀቷ ጠመንጃው ብቻውን ሳለ በነጻ አለፈች፤ እኔ ስገፋው ግን ከሰደፉ ጫፍ አራት ጣት ያህል ገባ ብላ ተያዘች፤ ወንድሜ ሲጎትታትም ተቀደደች። በክብ እንጨት ላይ የአሸዋ ወረቀት ጠቅልዬ ሁለት ምሽት ስፈቀው ከቆየሁ በኋላ ልዩነቱ ከአንድ ሴንቲሜትር በታች ወረደ።

ወደ 60 ጥይት ገደማ ተኩሼበታለሁ። ከአራቱ ነጭ መስመሮች ሦስቱ እንዳሉ ናቸው፤ የግራው እግር ብሎን ላይ ያለው ግን የፀጉር ያህል ተቆርጧል። አጥብቄ አዲስ መስመር አስምሬበታለሁ። ለአደን ስወጣ ቤት ትቼው ለመሄድና በትር ለማሰር ወስኛለሁ፤ እግረኛ አዳኝ፣ በትሮቹ የሚታሰሩት ከጫፋቸው ስንት ጣት ዝቅ ብሎ እንደሆነ ቢነግሩኝ?

እግረኛ አዳኝ፦

አንድ ስንዝር ዝቅ ብለው በጎማ ቁራጭ ይሰሩት፣ በገመድ አይሁን፤ ጎማው ሲከፍቱትና ሲዘጉት ድምፅ አያሰማም። ቁጭ ብለው ይለኩትና ሹካው ከአገጭዎ ትይዩ እንዲሆን አድርገው የታችኛውን ጫፍ ይቁረጡት። ከመቁረጥዎ በፊት ግን የሚለብሱትን ጫማና ወፍራም ልብስ ለብሰው ይለኩ።