የጭንቀት መለኪያችን ከፋይናል ጋር ተጋጨ፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ላይ ቢኤምአያቸው (ክብደት ከቁመት አንጻር የሚለካበት ቁጥር) ከ25 በላይ ለሆነ የኮሌጅ ሴት ተማሪዎች የ12 ሳምንት እንቅስቃሴ እየመራን ነው፦ በሳምንት 5 ቀን፣ በሐይቁ ዳር 30 ደቂቃ ፈጣን እርምጃ፣ ማውራት እየተቻለ መዝፈን በማይቻልበት ፍጥነት። በየሳምንቱ መመዘን ትተናል፤ ሰው ፊት ሚዛን ላይ መውጣት ራሱ ጭንቀት ነው።

ጭንቀትን የምንለካው ከ0 እስከ 40 በሚደመረው ባለ10 ጥያቄ መጠይቅ ነው (በአዎንታዊ መልክ የተጠየቁትን የ4ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛ እና 8ኛ ጥያቄዎች ነጥብ ገልብጠን ነው የምንደምረው)። ችግሩ፣ መጠይቁ ስላለፈው አንድ ወር ነው የሚጠይቀው፤ 12ኛው ሳምንት ደግሞ ፋይናል ላይ ወደቀ። እንቅስቃሴው ቢረዳቸው እንኳ ፈተናው ይሸፍነዋል። ማነጻጸሪያ ቡድን የለንም።

8ኛው ሳምንት ላይ እንለካ፣ ወይስ ከፈተና በኋላ 4 ሳምንት እንጠብቅ? ከጠበቅን ብዙዎቹ ለእረፍት ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። በስልክ ብንጠይቃቸው መልሱ ከወረቀቱ ጋር ይነጻጸራል?